ድገሚው የምትለዋ ጣት

ቶፊቅ ሲደውል ሰላምታው ብቻ አንድ ምሳ ያስበላል። "እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ እናትሽስ፣ ያ ወገቧስ፣ ያቺ ነገረኛ ጎረቤትሽስ?" እያለ ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ ሲያበቃ ነው ወደ ጉዳዩ የሚመጣው። ሶማሌ ተራ ያደገ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ። ያን ቀን ግን "ሄሎ" ስለው "ሰላም ነሽ?" አለኝና ዝም አለ። ሰላምታ ያሳጠረ ሰው መርዶ ይዟል።

"ማን ነው?" አልኩት።

"ሲስተር። ዛሬ ጠዋት አረፉ።"

ሆስፒታል ውስጥ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ሲስተር እያልኩ ስጣራ ነው የምውለው። እኔና ቶፊቅ ግን ስም ሳንጨምር "ሲስተር" ካልን አንድ ሰው ናቸው፤ ሲስተር በላይነሽ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አንዲት አስታማሚ "አይዞሽ እህቴ፣ ምንሽ ናቸው?" ብትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት? አክስቴ አይደሉ፣ ጎረቤቴ አይደሉ። "የደም ግፊት መለካት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው" አልኳት። ግራ ገባት፤ አልፈርድባትም።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነው። ሲስተር በላይነሽ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ሳለን የደም ግፊት መለካት አስተማሩን። ሌላ ትምህርት አላስተማሩንም። በዚህ ብቻ ዕድሜ ልክ የሚታወስ ሰው አለ ወይ የሚለኝ ካለ፣ አለ እንጂ! እሳቸውን አላወቃቸውም ማለት ነው።

ጊዜው የግል ኮሌጅ እንደ እንጉዳይ የፈላበት፣ አገሩ ሁሉ ስለ አዲሱ ሚሊኒየም የሚያወራበት ሰሞን ነበር። የእኛም ኮሌጅ መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ዝቅ ብሎ አንድ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ተከፈተ። ምድር ቤቱ የብርድ ልብስ ጅምላ ሱቅ ነው። አንደኛው ፎቅ ልብስ ሰፊዎች፣ ከነሱ በላይ እኛ። ከጀርባችን ደግሞ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች አሉ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ። ታች መንገዱ ላይ ተሸካሚው "ዞር በል! ወዝ ወዝ!" ይላል፣ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ይነፋል፣ ባለ ድምፅ ማጉያው ነጠላ ጫማ ይሸጣል። እዚህ ጫጫታ መሀል ነው እንግዲህ ሲስተር በላይነሽ በሰው ክንድ ውስጥ የሚሄደውን ደም ስሙ የሚሉን።

አጭር ናቸው፣ ጎጃሜ፤ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ፣ መነጽራቸው በክር ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሎ። ብዙ ዓመት ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲቃረቡ ነው ወደ ማስተማሩ የመጡት። አይጮሁም። ስህተት ሲያዩ ሌባ ጣታቸውን ብቻ አንስተው አየር ላይ አንዴ ያዞሯታል። ድገሚው ማለታቸው ነው። ድገመው። ምኑ ጋ እንደተሳሳትክ አይነግሩህም፤ ራስህ ፈልገህ አግኘው። ያቺን ጣት የፈራናትን ያህል የዲኑን ፊርማ አልፈራንም።

መጀመሪያ ቀን መስፍን የሚባል ልጅ፣ አፉ አያርፍም፣ እጁን አወጣና "ሲስተር፣ ይሄ የነርስ ሥራ አይደለም እንዴ? እኛ እኮ ፊዚዮቴራፒስት ነን" አላቸው።

"አንተ ማነህ ስምህ? መስፍን? ስማ መስፍን። ነርሷ ሰውየውን አልጋው ላይ እንደተኛ ትለካዋለች። አንተ ግን መጥተህ ተነስ ልትለው ነው። ተራመድ፣ ግፋ፣ ሳብ ልትለው ነው። ውስጡ ያለውን ሳታውቅ ተነስ የምትለው ሰው አንተ ላይ ቢወድቅብህስ?"

መስፍን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ ያነሳ ሰው የለም።

የሲስተር ትልቁ ጠላት ጫጫታው ነበር ብትሉኝ አይደለም። ሰላምታው ነው! ሌላ አገር እንዴት እንደሚለኩ አላውቅም። እኛ ዘንድ ተማሪው መጠቅለያውን ክንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ፓምፗን ጨምቆ፣ ሜርኩሪው ሲወጣ ሽማግሌው "አንተ የማን ልጅ ነህ?" ይሉታል። መልስ አለመስጠት ነውር ነው። ሽማግሌን ዝም ይበሉ ማለት ደግሞ የባሰ ነውር። እሳቸው ሲያወሩ ግፊታቸው ይወጣል፣ ልጁ ሲመልስ የሚሰማው ይጠፋዋል፣ ያልሰማውን ደግሞ ከየትም አምጥቶ ይጽፋል።

በዚህ ነገር ከጋሽ ሸረፋ የሚብስ አልነበረም። ጋሽ ሸረፋ አንዋር መስጊድ አጠገብ በርበሬና ቅመም የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ነበሩ። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጅና እግራቸው ደክሞ፣ ከኮሌጁ ጋር ያለችው መለማመጃ ክሊኒክ ለእንቅስቃሴ ይመላለሳሉ። ምኞታቸው አንዲት ናት፤ ግንባራቸውን መሬት ካስነኩበት ከሱጁድ ያለ ሰው ድጋፍ ተነስተው መስገድ። "ልጆቼ ብብቴ ስር ይዘው እንደ ጆንያ ሲያነሱኝ ከጌታዬ ፊት አፍራለሁ" ይሉናል። ሳቃቸው ግን አይጠፋም፣ ወሬያቸውም አይነጥፍም።

ቶፊቅ ሊለካቸው ሲቀመጥ የአባቱ ጓደኛ ሆነው ተገኙ። በቃ፣ አለቀለት! "የከድር ልጅ! ወላሂ አባትህን ቁርጥ! እናትህ ደህና ናት? ያ ወንድምህ ከጅማ መጣ?" ይላሉ፣ እሱ ላብ በላብ ሆኖ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ" እያለ ፓምፗን ይጨምቃል። ሜርኩሪው ወጣ፣ ወረደ። "ስንት?" አሉት ሲስተር።

"መቶ ሃያ በሰማንያ።"

ጣት ተነሳች። ዞረች። ቶፊቅ አሁንም ደገመ፣ ጋሽ ሸረፋ አሁንም ስለ ጅማው ወንድም ጠየቁ። በሦስተኛው ሲስተር ወንበር ስበው ከጋሽ ሸረፋ ፊት ለፊት ተቀመጡና መሳሪያውን ገለል አደረጉት። "ጋሽ ሸረፋ፣ እንዴት ሰነበቱ?" ብለው ጀመሩ። ልጆቹን በየስማቸው ጠየቁ። የማረቆ በርበሬ ገብቶ እንደሆነ ጠየቁ። ዘንድሮ ኮረሪማው እንዴት ነው አሉ። ሰውየው የሚመልሱት እስኪያልቅ ጠየቋቸው፤ አየነው፣ እውነትም አለቀ! ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንግዲህ ሰላምታችንን ጨርሰናል። አሁን ዱዓ ላይ እንዳለን ሰው ሁላችንም ዝም እንላለን" አሉ።

ጋሽ ሸረፋ አይናቸውን ጨፍነው ዝም አሉ። ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ ክንዳቸው ጠረጴዛው ላይ በልባቸው ልክ አርፎ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። ቶፊቅ ለካ። መቶ ሃምሳ ስምንት በዘጠና ስድስት።

"አየህ" አሉት ሲስተር በኋላ፣ ጋሽ ሸረፋ ሲወጡ። "መቶ ሃያ በሰማንያ፣ የጤነኛው ቁጥር፣ መርካቶ ውስጥ ከፌስታል ይረክሳል። ሁሉም ያድለዋል። ሰላምታ የሕክምናው ክፍል ነው፣ አትዝለለው። ግን ቀድሞ ይለቅ። ሌላው ደግሞ፣ ካልሰማህ አልሰማሁም በል። አያሳፍርም። አልሰማሁም ማለት ድገመው ማለት ነው፣ ሌላ አይደለም።"

እኛ ግን እናፍራለን እንጂ ማን ይላል! አልሰማሁም ማለት አላውቅም ማለት ይመስለናል፣ አላውቅም የሚል ደግሞ ሰነፍ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሲስተር ይህችን ቃል ከአፋችን ለማውጣት የታገሉት ትግል! አንድ ልጅ "አልሰማሁም" ሲል "ጎሽ!" ብለው ያጨበጭቡ ነበር። መጀመሪያ የሚያላግጡብን መስሎን ነበር። ከልባቸው ነው ለካ።

እንደዚህ የሚጠነቀቁበት ምክንያት አለ ብለን ክፍሉ ሁሉ ተስማማ። ባላቸው በደም ብዛት ሞቶባቸው ነው፤ አንዱ ተማሪ ሳይለካ መቶ ሃያ በሰማንያ ብሎ ጽፎባቸው ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ እኔም አንድ ሁለት ነገር ጨምሬበታለሁ። ሴቶቹማ ስናያቸው ከንፈር እንመጥ ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ ቀይ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሰውዬ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው በሩ ላይ ብቅ አሉና "በላይ፣ ሽሮሽን ረስተሽ" አሉ። ጋሽ ተካ ናቸው። ምናለሽ ተራ ጓጉንቸርና የበር እጀታ ይሸጣሉ። ሟቹ ባል!

መስፍን ሳቁን መያዝ አቅቶት የምናወራውን ሁሉ ዘረገፈው። ሲስተር አዳምጠው ሲያበቁ አልተቆጡም፤ የገረማቸው ይመስላል።

"ቆይ፣ ሰው ካልሞተ በስተቀር በደንብ አይለካም?" አሉን።

ይህችን ሳስብ እስከዛሬ እስቃለሁ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። የሲስተር ጆሮ እየደከመ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላን እኔ አውቄያለሁ፤ ለፍላፊ ስለሆንኩ ፊት ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡኝ፣ ቀስ ብዬ ያወራሁትን እንደ ድሮው አይይዙኝም። "ምን አልሽ ሂሩት?" ማለት አበዙ። "እነዚህ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች!" ብለው መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ቀጥቃጮቹ ግን የዚያን ቀን አልከፈቱም ነበር። ሲስተር ፈርተው ነበር። ያ ሥራ ለሳቸው እንጀራ ብቻ አልነበረም፣ ኑሯቸው ነው። ግፊት የሚያስተምር ሰው ደግሞ ያለ ጆሮ ምን ይሆናል?

ምን አደረጉ መሰላችሁ? የተግባር ልምምዱን ወደ ዓርብ አዞሩት፣ በጁምዓ ሶላት ሰዓት። መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓርብ እኩለ ቀን አንዋር መስጊድ ሞልቶ ሰጋጁ መንገዱን ይይዛል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ መኪናው ይቆማል። ሰዉ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ያ ሁሉ ሰፈር ትንፋሹን የያዘ ይመስላል። ቤተክርስቲያን ሳሚዋ የጎጃም ሴት ያቺን ዝምታ እንደ ስለት ልጅ ይጠብቋት ነበር። "አሁን!" ይሉናል፣ እኛም ክንድ ላይ እናርፋለን። ለነቶፊቅ ደግሞ፣ የሚሰግዱ ስለሆነ፣ ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት ለብቻቸው መጥተው ያስተምሯቸዋል። አንድም ቀን አላጎደሉባቸውም።

መንታዋ የምንላት ማዳመጫ ነበረቻቸው። አንዱ ጫፏ የታካሚው ክንድ ላይ ያርፋል፤ ቱቦዋ ለሁለት ተከፍሎ ለተማሪውም ለአስተማሪውም ጆሮ ይደርሳል። ሁለታችሁም አንድ ድምፅ ነው የምትሰሙት። ዱብ ሲል የላይኛው ቁጥር፣ ዱብታው ሲጠፋ የታችኛው። ከመንታዋ ጋር መዋሸት አይቻልም።

የመጨረሻው የተግባር ፈተና ዓርብ አልሆነም። ዲኑ በራሱ ፕሮግራም ማክሰኞ አደረገው፣ እንዲያውም ገበያው በጦፈበት ሰዓት። ታካሚያችን ጋሽ ሸረፋ ሆኑ። ኢድ ቀርቧል፤ የዚያን ቀን ከወለል ያለ ድጋፍ መነሳት ሊሞክሩ ቀጠሮ ይዘዋል፣ ልጆቻቸውም ሊያዩ መጥተው ውጪ ቆመዋል። ተፈታኟ እኔ ነኝ። ዲኑ ወረቀቱን ይዞ ከጎን ተቀምጧል።

ሰላምታውን ጨረስኩ። ዝም አሰኘኋቸው። በጣቴ የእጃቸውን ትርታ ይዤ መጀመሪያ ገመትኩ፣ ከዚያ መንታዋን እኔም ሲስተርም ጆሯችን ላይ አደረግን። ሜርኩሪው ቀስ እያለ ወረደ። በግልጽ ሰማሁት፤ መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አራት። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ክፍል ያለን ሁሉ እናውቃለን፤ ዛሬ መነሳት የለም፣ ዛሬ ሐኪም ነው።

ሲስተርን አየኋቸው። አይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ ከፈቱና "አልሰማሁም" አሉ።

ደገምን። የጋሽ ሸረፋን ክንድ አሳርፈን፣ ጠብቀን ደገምን። እኔ ያው ነው የሰማሁት።

"አልሰማሁም" አሉ እንደገና።

ዲኑ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ የቸኮለ ሰው እንጂ። "ሲስተር፣ ሂሩት ጎበዝ ተማሪ ናት። የሰማችው ልክ ነው እንበልና እንለፍ" አለ።

"እንበል?" አሉ። "እንበል ከተባለማ ምን ማዳመጫ አስፈለገ? ቤታችን ሆነን እንበል እንል ነበር።" መንታዋን ከጆሯቸው አወጧት፣ ጫፎቿን በአልኮል ጠረጉና ለዲኑ አቀበሉት። "ሌላ ጆሮ ይስማ። የኔ ከድቶኛል።"

ያን ጊዜ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹን ማንም አላማረረም። ዲኑ ሰማ። የሰማው ከኔ ጋር ገጠመ። ጋሽ ሸረፋ "እኔ ደህና ነኝ ወላሂ! ልጆቼ ውጪ ቆመው!" ቢሉም ሲስተር አጠገባቸው ቁጭ ብለው እጃቸውን ያዙ። "ጋሽ ሸረፋ፣ የሚቆሙበት ቀን ይመጣል። ዛሬ ቢነሱ ግን እንዳይወድቁብኝ እፈራለሁ" አሏቸው። ሰውየው ተቆጥተው፣ አኩርፈው ወደ ሐኪም ሄዱ። መድኃኒት ተጀመረላቸው። ለኢዱ አልደረሱም፤ ለአረፋው ግን ቆመው ሰገዱ፣ ከሱጁድም ያለ ድጋፍ ተነሱ። ቶፊቅ ከኋላ ሰልፍ ሆኖ አይቷቸዋል።

እኔ አለፍኩ። ሲስተር የዕቃ ቁም ሣጥኑን ቆለፉት፤ ጓጉንቸሩ ከጋሽ ተካ ሱቅ የመጣ ነው። ቁልፉን የዲኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ ሥራ በቃኝ ማለታቸው ነበር። ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ብቻ ያስተምሩ ተብለው ቢለመኑ እሺ አላሉም። "መጽሐፉን ልጆቹ ራሳቸው ያነቡታል" ብለው ወጡ። ደረጃው ላይ ተከትያቸው ወርጄ "ሲስተር፣ ዝም ብለው እሺ ልክ ነው ቢሉ እኮ ማን ያውቅ ነበር?" አልኳቸው እያለቀስኩ።

አልሰሙኝም መሰለኝ። ወይም ሰምተዋል። ሌባ ጣታቸውን አንስተው አዞሯትና ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ተካ ሱቅ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ስሄድ ለወሬ ጮክ ማለት ነበረብኝ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየናል፤ እሳቸው ይስቃሉ። "አሁን እንኳን ቀጥቃጮቹ አያስቸግሩኝም" ይሉኛል። ኋላ ኋላ ጆሯቸው ጭራሽ ጠፋ፣ ወሬያችን በምልክት ሆነ።

ባረፉ በሦስተኛው ቀን ከቶፊቅ ጋር ለቅሶ ቤት ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ በቅጡ የማናውቃቸው ብዙ የኮሌጁ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ "እኔ ሁለተኛው ባች ነኝ" ሲል ሌላው "ሦስተኛው" ይላል። ጋሽ ተካ ጋቢያቸውን ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ያ ሳቅ የለም። አጠገባቸው ቁጭ አልን።

ወሬውን እሳቸው ጀመሩት። "እኔም እኮ ተማሪዋ ነበርኩ" አሉ። "አታውቁም? ቤት ከዋለች በኋላ የራሷ ግፊት ተነሳባት። ማን ይለካት? አስተማረችኝ። ጓጉንቸር ሻጩን! ጠዋት ጠዋት እለካታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አይሰማኝም፣ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ራሴን እነቀንቅላታለሁ፣ አልሰማሁም ማለቴ ነው። ደስ ይላታል! ጣቷን ታዞርልኛለች። እደግማለሁ።"

"አውቃታለሁ ያቺን ጣት" አለ ቶፊቅ።

"የዚያን ቀን ጠዋት እንደተኛች ነው። ሌሊቱን አሟት ስለነበር ትረፍ ብዬ አልቀሰቀስኳትም፤ ክንዷን ብቻ ቀስ አድርጌ አወጣሁ። ጠቀለልኩ፣ ጨመቅኩ፣ ለቀቅኩ። ምንም። ልማዴ ነውና እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅኩላት።"

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

"ጣቷን አላዞረችልኝም" አሉ ጋሽ ተካ። "ራሴው ደገምኩት።"